ከሰልፉ የጠፉት ልጆች

በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ ሲወጣ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ደብር ጎራ ብለው ያውቃሉ? ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየዕለቱ ይቀደሳል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ሕፃናት በብዛት ይመጣሉ። ነጭ ነጠላ ያጣፉ፣ የክረምቱን ብርድ ፈርተው ጃኬት የደረቡ፣ ረኃብ ጠንቶባቸው የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው የሚነጫነጩ፣ ሁሉም ለመቁረብ ይሰለፋሉ። ሰልፉን ልብ ብለው ይመልከቱት። አራት ዓመት፣ ሰባት ዓመት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። ከዚያ ሰልፉ ይሳሳል። ከሕፃናቱ ቀጥሎ በብዛት የሚታዩት ሽበታም አባቶችና ምርኩዝ የያዙ እናቶች ናቸው። በቅርብ ዓመታት በተክሊል የተጋቡ ወጣት ባለትዳሮችና በግቢ ጉባኤ ያለፉ ልጆች መሃሉን መሙላት ጀምረዋል፤ ደስ ይላል። የ14፣ የ15፣ የ16 ዓመቱ ልጅ ግን አሁንም እምብዛም አይታይም።

የት ሄደ? ሩቅ አልሄደም። እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራል፤ በጥምቀት ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፈውም እሱ ነው። ለምን አትቆርብም ቢሉት ንስሐ እንዳልገባ ይነግርዎታል። ለምን አትገባም ቢሉት ትከሻውን ሰብቆ ዝም ይላል።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ የቆየ ደንበኛ ድንገት ሲጠፋ ደንበኛውን አንወቅስም፤ ከደጃፉ እስከ ሱቁ ያለውን መንገድ ተከትለን የት ላይ እንደተሰናከለ እንፈልጋለን። ቤተ ክርስቲያን ሱቅ አይደለችም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ከታዳጊዎች ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት ስቀመጥ ይኸው የሙያ ልማዴ አይለቀኝም። ልጁ እስከ 11 ዓመቱ መጥቷል። በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ምን አገኘው?

የነፍስ አባት

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ፍንጭ ያገኘሁት ከከተማ ሳይሆን ከእናቴ አገር ነው። እናቴ የራቤል ልጅ ናት። ራቤል ማለት ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወጥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ መዘዞን፣ ሞላሌንና መሐል ሜዳን አልፎ የሚገኝ የግሼ ከተማ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ገብስ፣ በግና የበግ ጠጉር ባና የሚታወቁበት ደጋ ነው። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ቃል ነው። በዚያ ያሉ የድሮ ሰዎች «የንስሐ አባት» ከሚለው ይልቅ «የነፍስ አባት» ማለት ይቀናቸዋል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የንስሐ አባት ስንል ጥፋት ስንሠራ የምንፈልጋቸው ሰው ይመስሉናል። የነፍስ አባት ግን ከቤተ ዘመድ ይቆጠራሉ። ልጅ ሲወለድ ጠበል ይረጫሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ አሉ። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ያስታርቃሉ። የታመመን ያናዝዛሉ፤ የሞተን ይፈታሉ፤ ተዝካሩ ላይ ይቀመጣሉ። በዓል ሲሆን ድፎውን ባርከው ይቆርሳሉ። ልጁ መስቀላቸውን እየተሳለመ ያድጋል። ስሙን ያውቁታል፤ የማን ጥጃ እንደሚጠብቅም ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ቀን የሚከብድ ነገር ሆዱ ውስጥ ቢገባ ለማን እንደሚናገረው ለማወቅ መጨነቅ አይኖርበትም።

ነገሩን ማስዋብ አልፈልግም። በመንዝና በግሼም ቢሆን በሰማንያ የተጋባ ሰው ሳይቆርብ ብዙ ዓመት መኖሩ የተለመደ ነው። በቁርባን የታሰረ ትዳር አይፈታምና ሰዉ ይፈራል፤ ጉልበት እስኪደክም ይጠብቃል። «እነ እገሌ ቆረቡ» ሲባል ለመንደሩ ወሬ ነው። የጎረምሳው ከሰልፍ መጥፋት አዲስ አይደለም ማለት ነው። አዲሱ ነገር የመጥፋቱ ርዝመት ነው።

በድሮው ኑሮ የጉርምስና ዕድሜ አጭር ነበር። ወንዱ ከእረኝነት ወደ እርፍ፣ ከእርፍ ወደ ጎጆ ይሻገራል። ሴቷማ ከዚያም በፊት፣ ገና ልጅ ሳለች ትዳራለች፤ ያ የሚናፈቅ ነገር አይደለም፤ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ማድረጋቸው ተገቢ ነበር። መንዝን ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፉ ለአማራ ገበሬ ኑሮ አንድ ምዕራፍ፣ ለዘመናዊ ተማሪዎች የጉርምስና ቀውስ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ የሰጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አሁን ሒሳቡን በእርስዎ ቤት ያስሉት። ልጅዎ በ12 ዓመቱ ከሰልፉ ወጣ እንበል። ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ በ28 ዓመቱ በተክሊል ቢያገባ መሃል ላይ 16 ዓመት አለ። ስልክ በእጁ የገባው፣ መጀመሪያ ያፈቀረው፣ ውሸት የለመደው፣ ጓደኛውን የከዳው፣ ከአባቱ ጋር የተቃቃረው በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ ነው። ልማዳችን ለዚያ ዘመን ያዘጋጀው ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያን ግን አላት። ንስሐ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ የሽማግሌ ሥርዓት ያደረግነው እኛ ነን።

ጸጸት ብቻውን

ታዳጊዎች ስለ ንስሐ የሚያውቁት ባብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ ኃጢአት መዘርዘርና መስገድ። ቃሉን ከሥሩ ማስረዳት ብዙ ይረዳል። በግእዝ ነስሐ ማለት ተጸጸተ ነው። አዲስ ኪዳን የተጻፈበት የግሪክኛው ሜታኖያ የአሳብ መለወጥን ያመለክታል። ነቢያቱ የተጠቀሙበት የዕብራይስጡ ሹብ ደግሞ በቀላሉ መመለስ ማለት ነው፤ ከመንገድ እንደሚመለስ ሰው። ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለታዳጊዎች ሳስረዳ ቶሎ የሚይዙት ሦስተኛውን ነው። መጸጸት ምን እንደሚመስል ያውቁታል፤ በየማታው አልጋቸው ላይ ይጸጸታሉ። የማያውቁት መመለስን ነው።

ይህን ለማስረዳት ከጴጥሮስና ከይሁዳ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ያንኑ መምህር በደሉ። ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳማ ከጸጸትም አልፎ 30ውን ብር መልሶ ጥፋቱን በካህናት አለቆች ፊት ተናገረ። ያልተመለሰው ወደ መምህሩ ብቻ ነው። ጴጥሮስ አልቅሶ ቆየ፣ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ጠበቀ፣ መምህሩ ሲያገኘው አልሸሸም። እዚህ ላይ አንዳንድ ታዳጊዎች ዝም ይላሉ። «እኔ ለዚህ አልበቃም» የሚለው ስሜት ትሕትና ይመስላቸው ነበርና፣ ያ ስሜት ብቻውን ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ሲያዩ ይደነግጣሉ።

የኛ አገር ልጅ ሌላም ሸክም አለበት፤ ይሉኝታ። «ሰው ምን ይላል» እየተባለ ያደገ ልጅ ጥፋቱን የሚለካው በታወቀበት መጠን ነው። ካልታወቀበት ምንም አልሆነም፤ ከታወቀበት አበቃለት። ንስሐ ሁለቱንም ያፈርሳል። ያልታወቀው ጥፋትም ጥፋት ነው፤ የታወቀበት ልጅም አላበቃለትም።

የጠፋው ልጅ ታሪክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ አለ፤ ሁሉም ልጆች በቃላቸው የሚያውቁት ስለሚመስላቸው ሲጀመር ያዛጋሉ። ስለዚህ ከመሃሉ ብጀምር ይሻለኛል። ልጁ አሳማ እየጠበቀ ሳለ ለአባቱ የሚለውን ንግግር አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻው ላይ እንደ ቅጥረኛ ቁጠረኝ የሚል ልመና አለበት። ቤት ሲደርስ ግን ያንን የመጨረሻውን ክፍል አልተናገረውም። አባቱ ከሩቅ አይቶ ሮጦ፣ አቅፎ ስሞ፣ ልብስና ጫማ እያስመጣ ነበርና ዕድል አላገኘም። አንድ የመንዝ ሽማግሌ ጋቢውን ጥሎ በሰው ፊት ሲሮጥ አስቡት ብላቸው ይስቃሉ፤ ነገሩም የሚገባቸው ያኔ ነው።

ታላቅ ወንድሙን ደግሞ አንርሳ። መካከለኛ ኑሮ በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ የሚበዛው እሱ ይመስለኛል። ጨዋ ነው፤ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ መዝሙር ያጠናል፤ ወላጁን አያሳፍርም። ግን ታናሹን ይንቃል፤ የተደረገለትን እየቆጠረ ይኖራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ንስሐ ማስተማር ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም እኛው አጨብጭበን ያሳደግነው ነው።

መመለስ ማለት የተበላሸውን ማስተካከልም ነው። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እከፍላለሁ ያለው ለዚህ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የክፍል ጓደኛዋን ፎቶ አበላሽታ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀች እንበል። ለካህን መናገሯ ጥሩ ነው። ስዕሉን ማጥፋት፣ እዚያው ግሩፕ ላይ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ መጻፍና ልጅቷን ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ ግን የዚያው የንስሐ አካል ነው። ይህ ከመቶ ስግደት ሊከብድ ይችላል። ከፈተና የኮረጀ፣ ከአባቱ ኪስ የወሰደ፣ ታናሹን የመታ ልጅም እንዲሁ የሚያስተካክለው ነገር አለው።

በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ተመልሼ ብሠራውስ? ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው ጀርባ ያለው ስልክ ላይ የሚታይ የብልግና ምስል ነው፤ ስሙን ባይጠሩትም ይታወቃል። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ ሰባት ጊዜ የሚበቃ መስሎት ነበር፤ የተሰጠው መልስ ሰባ ጊዜ ሰባት ነው። ሰውን እንዲህ ይቅር በል ያለ አምላክ ራሱ ከዚያ ያነሰ ይቅር አይልም። ያም ሆኖ ለልጁ ጸልይ ብሎ ብቻ መተው ግማሽ መልስ ነው። ስልኩ ማታ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ አባትና እናት ጭምር፣ ስልኩን እዚያው ያኑር። ፈተናውን ከአልጋ አጠገብ አስቀምጦ ልጁን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወላጆች የምንዘጋው በር

ቆይ ለንስሐ አባታችን ባልነግርልህ የሚል ማስፈራሪያ በስንት ቤት ይሰማል? ልጁ በዚያች ቅጽበት ካህኑን ከዩኒት ሊደሩ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል። ከዚያ በኋላ በፈቃዱ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ናታን ዳዊትን ያነጋገረበት መንገድ (2ኛ ሳሙኤል 12) ለወላጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ንጉሡ የሰው ሚስት ወስዷል፤ ባሏን አስገድሏል። ነቢዩ ግን ጣቱን ቀስሮ አልጀመረም። አንዲት በግ ስላለችው ድኻ ነገረው። ዳዊት በታሪኩ ውስጥ ባለው ባለጠጋ ላይ ተቆጥቶ ፈረደ፤ ሰውየው አንተ ነህ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅዎ በራሱ ላይ ፍርድ ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል። የተዘጋጀ ፍርድ ይዘው ከገቡ መከላከል እንጂ መጸጸት አይችልም።

ከኑዛዜ በኋላ ምን አልክ፣ አባ ምን አሉህ ብሎ መጠየቅም በሩን ይዘጋዋል። የተናዘዙትን ካህኑ ለማንም አያወጡም፤ ለእናትም ለአባትም ቢሆን። ልጁ ይህን ከእርስዎ አፍ ይስማ። ብዙ ቤተሰብ አንድ የንስሐ አባት ነው ያለው፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ታዳጊው በዚህ ምክንያት ከተሸማቀቀ፣ ሌላ ካህን እንዲይዝ ከራሳቸው ከንስሐ አባታችሁ ጋር መነጋገር ነውር የለውም። ብዙ ካህናት ይህን ይረዳሉ።

ልጁ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ቢያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ የጓደኞቹን ስም አያነሳም። ሰበብ አይደረድርም። እንዳይረሳ በወረቀት ቢጽፍ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ስልክ ላይ ፎቶ እንዳይሆን፣ ሲጨርስም ይቀደድ። ካህኑ ይመክሩታል፣ ቀኖና ይሰጡታል፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው በመስቀላቸው ይባርኩታል። ቀኖናው ጸሎት፣ ስግደት፣ ጾም ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ካህኑን በሐኪም፣ ቀኖናውን በመድኃኒት ትመስላለች፤ ስለዚህ ፈተና ላይ ያለ ተማሪ፣ የጨጓራ ሕመም ያለበት ልጅ ሁኔታውን መናገር አለበት። ሐኪምም ሳይጠይቅ አያዝም።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በሰው የተደፈረ፣ የተነካካ ወይም የተደበደበ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ለንስሐ አባት ቢነገር መልካም ነው፤ ግን የልጁ ኃጢአት ተደርጎ አይቆጠር፤ ወደ ሐኪምና ወደ ሕግ መሄድም የግድ ነው። ለሳምንታት ያልተኛ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ስለ ሞት የሚያወራ ታዳጊም የሥነ አእምሮ ሐኪም ይፈልጋል። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም።

ይህን የማነሳው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ስላደግሁ ነው። ካቶሊክ ቤተሰቦች ልጁ ክፉና ደጉን መለየት በሚጀምርበት በሰባት ዓመት አካባቢ ኑዛዜን ያስጀምራሉ፤ ከጉርምስና በፊት መልመዱ እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጥሩ ልምድ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኑዛዜው በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር ነው፤ ቢሆንም ታዳጊው የሚያምነው አንድ ታላቅ ሰው፣ የወጣቶች አገልጋይ ወይም ጎረቤት፣ ያስፈልገዋል። የሥርዓቱ ልዩነት እንዳለ ሆኖ ልጁ ብቻውን እንዳይሸከም የሚለው ጉዳይ የሁላችንም ነው።

ወላጅ በልጁ ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ደግሞ ከዐሥር ስብከት ይበልጣል። ትናንት ያለ አግባብ ጮኼብሃለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ሥልጣንን አያሳንስም። በሀገራችን ልማድ አባት ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ ልጅ ጥቂት ነው፤ እናት ትንሽ ትሻላለች።

የት እንጀምር ለሚል ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ጾመ ነነዌን ነው። ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ዐቢይ ጾም የሚያስፈራው ታዳጊም ሦስት ቀን አያቅተውም። ትንቢተ ዮናስም አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በሦስቱ ማታዎች አብሮ አንብቦ መጨረስ ይቻላል። አራተኛውን ምዕራፍ አትዝለሉት። ከተማይቱ ተመልሳ ይቅር ስትባል ዮናስ ተቆጥቶ ከከተማው ወጥቶ ይቀመጣል። ልጆች ነቢዩ ለምን እንደተናደደ ሲጠይቁ ወላጆች መልስ ቢያዘጋጁ ጥሩ ነው።

ከጾሙ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሩ። የመጀመሪያው ቀን ስለ ኑዛዜ ባይነሳ ምንም አይደለም። ስለ ትምህርት ይጠይቁት፤ ስለ ኳስ ቢያወሩም ይሻላል። ወላጅ ቡናውን ሊያቀራርብ ወጣ ገባ እያለ ለሁለቱ ጥቂት ደቂቃ ቢተውላቸው መልካም ነው። ሲሄዱ ልጁ እስከ አስፋልቱ ይሸኛቸው፤ ስልክ ቁጥራቸውንም ከእናቱ ሳይሆን ከራሳቸው ተቀብሎ በራሱ ስልክ ላይ ይመዝግብ።